የድባቴ መድኃኒትን በጥንቃቄ መውሰድ፦ ከመጀመሪያዋ ክኒን እስከ መጨረሻዋ

የድባቴ መድኃኒት ላይ ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፤ ሲጀመርና ሲቆም። መጀመሪያ ላይ ሰው ሳምንት ያህል ይወስድና «ይሄ ነገር አልሠራልኝም፣ ጭራሽ አመመኝ» ብሎ ይተወዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አሁንማ ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ በአንድ ጠዋት ያቆመዋል። ሁለቱም ውሳኔዎች ማንም ሳያውቅ፣ ለብቻ የሚወሰኑ ናቸው። እኔ ከምንም በላይ የምፈራው ይሄንን ብቸኝነት ነው። መድኃኒቱን መውሰዳችሁን ከሐኪሙ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ።

የሚከተለው በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። የሐኪምን ምክር አይተካም። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘ እሱን ስሙ።

ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ

ወደ ቀጠሮው ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን በቃል ለማስታወስ አትሞክሩ፤ ካርቶኑን ወይም ብልቃጡን ራሱን ውሰዱት። ያለ ማዘዣ የገዛችሁት የራስ ምታት ክኒን፣ የሳል ሽሮፕ፣ ቫይታሚን፣ ከዕፅዋት የተዘጋጀ ነገር፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ከዚያ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የሚከተሉትን ተናገሩ። የልብ ምት መዛባት፣ የሚጥል በሽታ፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም፣ የጨጓራ መድማት አለባችሁ? እርጉዝ ናችሁ? ለማርገዝ አስባችኋል? እያንዳንዱ መልስ የመድኃኒቱን ምርጫ ወይም መጠን ሊቀይር ይችላል። ለምሳሌ ሲታሎፕራም መጠኑ ሲጨምር የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል በቀን ከ40 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ጣሪያው 20 ነው።

ሰው የሚዘለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። በሕይወታችሁ ውስጥ የድባቴው ተቃራኒ የሆነ ጊዜ ነበር? ለቀናት ትንሽ ብቻ ተኝታችሁ ምንም ድካም ያልተሰማችሁ፣ ሐሳብ በሐሳብ ላይ የተደራረበባችሁ፣ ወሬ ያላቆማችሁበት፣ ገንዘብ ያለ ቁጥር የበተናችሁበት ጊዜ? ከነበረ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ ባይፖላር፣ ማለትም ድባቴና ይህ ተቃራኒው የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ካለ፣ የግድ ተናገሩ። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊገፋው ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው ዛሬ ፊቱ የተቀመጠውን ያዘነ ሰው ብቻ ነው። ያለፈውን ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል?

ራስን የማጥፋት ሐሳብም ካለ አትደብቁ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። መልሱ የሚጽፈውን የክኒን ዓይነትና ብዛት፣ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ስለሚወስን ነው የሚፈልገው።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን አስጽፉ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ በቀን ስንቴና መቼ፣ ሲብስባችሁ ለማን እንደምትደውሉ፣ መቼ እንደምትመለሱ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው። ወጣት ከሆናችሁ ወይም የሞት ሐሳብ ካለባችሁ ደግሞ በሳምንቱ።

የተሰጣችሁ የትኛው ነው?

ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራምና ፓሮክሰቲን ናቸው። የአንጎል ሴሎች መልእክት ለመለዋወጥ የለቀቁትን ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቶሎ መልሰው እንዳይወስዱት ያግዳሉ። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሰቲን ከሴሮቶኒን በተጨማሪ ኖርኢፒነፍሪን በሚባል ሌላ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ላይም ይሠራሉ። አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ይሠራሉ፣ ግን አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ከመጠን በላይ ሲወሰዱም ልብን ክፉኛ ይጎዳሉ።

አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ይታዘዛል። ስለዚህ ሰው የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ሳያውቅ ለወገቡ ወይም ለራስ ምታቱ ሲወስደው ይኖርና ሌላ ይደረብበታል። ፌስታሉን ይዛችሁ ሂዱ ያልኩት ለዚህም ነው።

የእናንተን መጠን ከሰው መጠን ጋር አታነጻጽሩ። ኤሲታሎፕራም 10 ሚሊ ግራም ከሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም «ያነሰ» አይደለም። የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ለሰው የሠራ ክኒን ተካፍሎ መሞከርማ ጨርሶ አይታሰብ።

አወሳሰድ

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰዱ። ፍሉኦክሰቲን እንቅልፍ ሊነሳ ስለሚችል ጠዋት ይመረጣል። አሚትሪፕቲሊንና ሚርታዛፒን የተባለው ሌላ የድባቴ መድኃኒት እንቅልፍ ስለሚያመጡ ማታ ይወሰዳሉ። ሰርትራሊን ጠዋትም ማታም ይሆናል፤ ከተኛችሁበት ቀስቅሶ የሚያስቸግር ከሆነ ወደ ጠዋት አዙሩት። ካቅለሸለሻችሁ ከምግብ ጋር ውሰዱት።

ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ የቬንላፋክሲን እንክብል አይታኘክም፣ አይፈጭም። የዱሎክሰቲን እንክብልም ሳይከፈት እንዳለ ይዋጣል። መዋጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሩት፤ በፈሳሽ የሚገኝ ዓይነት ሊኖር ይችላል።

ክኒን ከረሳችሁ በዚያው ቀን ስታስታውሱ ውሰዱት። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ተዉትና በመደበኛው ቀጥሉ። ለማካካስ ብሎ ሁለት በአንዴ መውሰድ የለም። ክኒኑ የሳምንት ያህል ሲቀር አዲሱን ግዙ። «ነገ እገዛለሁ» እየተባለ ሦስት አራት ቀን ያለፈ እንደሆነ ሰውነት ሳይዘጋጅ ድንገት እንደማቆም ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው።

መድኃኒቱ የሚያስቸግረው ወዲያው ነው፣ የሚጠቅመው ግን ቆይቶ። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መላላት፣ ላብ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ መቁነጥነጥ ሊመጣ ይችላል። ጭንቀት ያለበት ሰው ጭንቀቱ ለጥቂት ቀናት ሊብስበትም ይችላል። አብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ስሜት መሻሻል የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሙሉ ጥቅሙን ለመፍረድ በበቂ መጠን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ያለ ሰው የቀመሰው የመድኃኒቱን ክፉ ጎን ብቻ ነው።

ለውጡ ሲመጣም እንደ መብራት ቦግ አይልም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚስተካከሉት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው፦ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተነስቶ መታጠብ፣ ስልክ ማንሳት። ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው ቤት ያለ ሰው ቀድሞ ያየዋል።

ለዚህ ነው ማስታወሻ መያዝ የሚጠቅመው። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ በቀን ሁለት መስመር ይበቃል። እንዲህ ያለ፦

«ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት ወሰድኩ። እስከ ምሳ አቅለሸለሸኝ። ሌሊት ሁለቴ ነቃሁ። የሞት ሐሳብ፦ አልነበረም። ስሜት ከ10፦ 3።»

«እሑድ። ጠዋት 2 ሰዓት። ማቅለሽለሽ የለም። ልብስ አጠብኩ። የሞት ሐሳብ፦ ማታ ትንሽ መጣ፣ ለእህቴ ነገርኳት። ስሜት፦ 4።»

ሐኪሙ ጋ ስትመለሱ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚመጣው መልስ የዚያን ቀን ስሜት ብቻ ነው። ደብተሩ የሁሉንም ቀን ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 የድባቴ መድኃኒቶች ሁሉ ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊጨምሩ እንደሚችሉ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። በ2007 ማስጠንቀቂያውን ከ18 እስከ 24 ዓመት ወዳሉ ወጣቶች አሰፋው። ይህ ማለት ወጣት አይውሰደው ማለት አይደለም። ያልታከመ ድባቴ ራሱ ይገድላል። ማለቱ፣ መጀመሪያ ላይና መጠን ሲቀየር በቅርብ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል ነው። ዕድሜያችሁ ከዚያ ቢበልጥም የቅርብ ዓይን አይከፋም።

ስለዚህ ያንን አንድ ሰው ምረጡ። እህት፣ ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ፣ ሁነኛ ጓደኛ። እንዲህ በሉት፦ «መድኃኒት ጀምሬያለሁ። በነዚህ ሳምንታት እንቅልፍ ካጣሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተኝ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣሁ፣ ስለ ሞት ካወራሁ፣ ዕቃዬን ለሰው ማደል ከጀመርኩ ዝም አትበለኝ። ይሄ የሐኪሜ ስልክ ነው።»

እናንተ ያ የተመረጠው ሰው ከሆናችሁ ደግሞ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ጥያቄው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልም። ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው የሚሰጠው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ ክኒኖቹንና ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ሐኪሙን አግኙ። ሐሳቡ ቁርጥ ያለ ከሆነ ወይም ዕቅድ ካለው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

ሌላም ዓይነት ለውጥ አለ። ሰውየው በድንገት ከልክ በላይ ደስ ብሎት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ፣ አሥር ነገር በአንዴ ሲጀምር «ተመስገን፣ ዳነ» ማለት ያጓጓል። ማኒያ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ።

ከምን ጋር አይቀላቀልም?

የሴሮቶኒን መብዛት የሚባል አደጋ አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሴሮቶኒንን የሚጨምሩ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ወይም መጠን ሲጨመር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ይታያል። ምልክቶቹ መቅበጥበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጡንቻ መገተርና በራሱ መንዘር ናቸው። ሲከፋ ከባድ ትኩሳትና መቃዠት ይከተላል። ይህን ካያችሁ የሚቀጥለውን ክኒን ሳትወስዱ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ የመድኃኒቶቹን ካርቶንም ይዛችሁ።

እዚህ አደጋ ውስጥ ከሚከቱት መካከል በየቤቱ ሊገኝ የሚችለው ትራማዶል ነው። ለሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፤ ሰው እንደ ተራ የሕመም ክኒን ያየዋል። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕም አለ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ቢሸጥም ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር አይሄድም። ሊኔዞሊድ የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለማከም ስለሚያገለግል የቲቢ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሙ መነጋገር አለባቸው። ኤም ኤ ኦ አጋጅ ከሚባሉት የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች ወደ ሌላ ለመቀየር ቢያንስ 14 ቀን ባዶ ጊዜ ያስፈልጋል። ከፍሉኦክሰቲን ወደ እነሱ ሲሆን ደግሞ አምስት ሳምንት፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ሁለተኛው አደጋ መድማት ነው። ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩት መድኃኒቶች ከአስፒሪን፣ ከአይቡፕሮፌን፣ ከዳይክሎፌናክ ወይም እንደ ዋርፋሪን ካለ ደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ የጨጓራና የአንጀት መድማትን ይጨምራሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል የተሻለ ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አትቆዩ፣ ወደ ሕክምና ሂዱ።

አልኮል ድባቴውን ራሱን ያባብሳል፤ በተለይ ከአሚትሪፕቲሊንና ከሚርታዛፒን ጋር ሲሆን ሰውን ያደነዝዛል። ቢተው ይሻላል። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ ሳታውቁ መኪና አትንዱ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ደግሞ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የታሞክሲፈኑን ሥራ ሊያዳክሙባት ስለሚችሉ ሌላ ይመረጥላታል።

ፋርማሲ በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ልመዱ፦ «ሰርትራሊን እወስዳለሁ፣ ይሄ ከሱ ጋር ይሄዳል?» ሰው ከኋላ ቆሞ ከሰማ ብላችሁ ካፈራችሁ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩ።

የማይነገሩት የጎንዮሽ ጉዳቶች

ስንፈተ ወሲብ ዋነኛው ነው። ፍላጎት መቀነስ፣ እርካታ ላይ መድረስ አለመቻል ወይም መዘግየት፤ ወንዱንም ሴቷንም ይነካል፣ ብዙ ሰውም ላይ ይታያል። ሰው አፍሮ ለሐኪሙ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ትዳር ውስጥም «ጠላኸኝ»፣ «ሌላ ይዘሻል» ያስብላል። እባካችሁ ተናገሩ። መጠን መቀነስ፣ ወይም ይህ ችግር ወደማይበዛበት ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻላል።

ሚርታዛፒን ክብደት ይጨምራል። አሚትሪፕቲሊን ከአልጋ ብድግ ሲሉ ሊያዞር ስለሚችል መጀመሪያ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ማለት ይረዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ግራ ከተጋቡ፣ ከዛሉ ወይም ከወደቁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ደም ይመርመሩ።

እርግዝናና ጡት ማጥባት

እርጉዝ መሆኗን ያወቀች ሴት በድንጋጤ በዚያው ቀን ማቆም የለባትም። የሚመለስ ድባቴም እናትንም ልጅንም ይጎዳል። ፓሮክሰቲን በእርግዝና ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይመረጥም። ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ትንሽ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ቢቻል ንግግሩ ከማርገዝ በፊት ይጀመር።

ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

ልጆች በማይደርሱበት፣ ቢቻል በቁልፍ። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ለትንሽ ልጅ ጥቂቱም አደገኛ ነው። የሞት ሐሳብ ያለበት ሰው ቤት ከሆነ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ይያዝ፣ የጥቂት ቀን የጥቂት ቀን እየቆጠረ ይስጥ። ፋርማሲውም የብዙ ወር በአንዴ እንዳይሰጥ ሐኪሙን ጠይቁት። ይህ በሰውየው ላይ እምነት ማጣት አይደለም፤ ክፉ ሌሊት ሲመጣ ክኒኑ እጁ ላይ እንዳይሆን ነው። የተረፈውን ለፋርማሲ መልሱ።

ማቆም

ስሜታችሁ ከተስተካከለ በኋላ ቢያንስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር መቀጠል የተለመደ ምክር ነው። ድባቴ ደጋግሞ ለያዘው ሰው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊባል ይችላል። ጤነኛ ሆኖ ክኒን መዋጥ ትርጉም የለሽ ይመስላል፣ ይገባኛል። ግን በነዚህ ወራት ክኒኑ የሚሠራው ሥራ ሕመሙ እንዳይመለስ መጠበቅ ነው።

«ሱስ አያስይዝም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እንደ ሱስ አምጣ አምጣ አያሰኝም፣ በየጊዜውም መጠን ጨምር አይልም። ሰውነት ግን ይለምደዋል። ድንገት ሲቆም፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭት፣ ግልጽ ቅዠት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ዓይነት ንዝረት ይመጣል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን በዚህ የታወቁ ናቸው፤ አንድ ቀን ተረስቶ እንኳ ሊሰማ ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ስለዚህ የሚቆመው በደረጃ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ለሳምንታት ያቆያል፣ ደህና ከሆናችሁ እንደገና ይቀንሳል። የሚያስቸግረው ከግማሽ በታች ያለው መንገድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በትንሽ መጠን እንኳ አንጎል ላይ ብዙ ስለሚሠሩ፣ ከ100 ወደ 75 ሚሊ ግራም መውረድ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ከ25 ወደ ዜሮ መዝለል ግን ይጥላል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር እርምጃው እያነሰ ይሂድ። ለአንዳንዱ ሳምንታት ይበቁታል፣ ለዓመታት የወሰደው ወራት ሊፈልግ ይችላል። ቀን እየዘለሉ መውሰድን እንደ ዘዴ አትጠቀሙበት፤ ቶሎ ከሰውነት በሚወጡት መድኃኒቶች ላይ በየሁለት ቀኑ ማቆምና መጀመር ይሆናል።

ጊዜም ምረጡ። ፈተና፣ ሐዘን፣ ሥራ መቀየር፣ ቤት መልቀቅ ባለበት ወር አይጀመርም። ያ የመረጣችሁት ሰው አሁንም ይወቅ፣ ደብተሩም ይከፈት።

በመቀነስ ላይ ሳላችሁ ሲከፋችሁ «ተመለሰብኝ» ከማለታችሁ በፊት ሁለቱን ለዩ። የማቆም ምልክት መጠኑ በተቀነሰ በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ማዞርና ንዝረት የመሰለ የአካል ነገር ይዞ ይመጣል፣ ወደ ቀድሞው መጠን ሲመለሱም ቶሎ ይለቃል። ድባቴው ራሱ ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ነው፤ ንዝረት የለውም፣ የምታውቁትን ያንኑ ፊት ይዞ ነው የሚመጣው፦ ጠዋት አለመነሳት፣ ሰው መሸሽ፣ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት። የመጀመሪያው ከሆነ ሐኪማችሁ አንድ ደረጃ መልሷችሁ ቀስ ብሎ ይቀጥላል። ሁለተኛው ከሆነ መድኃኒቱ እንደገና ይጀመር እንደሆነ ይወስናል። የመጨረሻዋን ክኒን ከወሰዳችሁ በኋላም ለጥቂት ወራት ቀጠሮ አታቋርጡ፤ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ስሜታችሁ ካዘቀዘቀ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ደውሉ።